አስካለና ዝም ያሉት ደብዳቤዎች

ዛህራ ሙሐመድኑር ነቀምት የሚገኘውን የኮሌጇን መዝገብ ቤት በር ያንኳኳችው ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ነበር። ዲጋ ውስጥ አዲስ የሚከፈት ክሊኒክ ነርሶች ይመዘግባል፤ ምዝገባው በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከነቀምት ዲጋ ሩቅ አይደለም። ሆኖም ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ ያለው ጥበቃ ሲጨመር አንድ ሰዓት መያዝ ይሻላል። ስለዚህ ዛህራ ከመናኸሪያ መነሳት ያለባት አሥር ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ አንድ ወረቀት ካልተገኘላት ነርስ መሆኗን የሚያምንላት የለም።

ወረቀቱ የተግባር ልምምድ ውጤቷ ነው። ዛህራ በበከኒሳ ቀሴ ክፍለ ከተማ ባለው በዚህ የግል ኮሌጅ ሦስት ዓመት ነርስነት ተምራለች። የመጨረሻውን የአራት ወር ልምምድ የሠራችው በተወለደችበት በኪራሙ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ነበር። ጤና ጣቢያው ውጤቷን ሞልቶ፣ ማኅተም መትቶ ለኮሌጁ መላክ ነበረበት። በዚያው ሰሞን በግጭት መንገዱ ተዘጋ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው ኪራሙ የሰፈሩት ወላጆቿ ቤታቸውን ጥለው ሲወጡ ዛህራም የለበሰችውን ብቻ ይዛ ወጣች። ጤና ጣቢያው ያስቀረው ቅጂ ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ኮሌጁ ደግሞ ውጤቱን ሳያይ «አጠናቃለች» ብሎ አይጽፍም። ስለዚህ ዛህራ አራት ዓመት ሙሉ ነቀምት ውስጥ የሰው ልብስ እያጠበች ኖራለች።

ያ ወረቀት ካለ፣ ሊኖር የሚችለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በአስካለ ጠረጴዛ ሥር በተቀመጠው ኮምፒውተር ውስጥ።

አስካለ የኮሌጁ መዝገብ ቤት ኃላፊ ናት። ደብረ ብርሃን ተወልዳ፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ በታይፒስትነት ተመድባ ወለጋ መጣች፤ ከመጣች ይኸው ሠላሳ ዓመቷ ነው። አሥራ አራቱን ዓመት የጻፈችው በታይፕራይተር ነው። ጣቶቿ ፊደሉን የሚያገኙት ሳታይ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ ያስቸገራት እንግዲህ የፊደል ሰሌዳው ሳይሆን ማውሱ ነበር። «እጄን ከሥራዬ ላይ አንሥቶ የሚወስድብኝ ዕቃ» ትለዋለች እስከ ዛሬ።

ከሦስት ዓመት በፊት የኮሌጁ የኢሜይል ሳጥን ሞላና አዲስ ደብዳቤ አልቀበልም አለ። ያን ጊዜ የኮምፒውተር ባለሙያ የነበረችው ዱረቲ ያሉትን ደብዳቤዎች በሙሉ፣ ስልሳ አንድ ሺህ የሚሆኑትን፣ አስካለ ጠረጴዛ ሥር ወዳለው ማሽን አወረደቻቸው። ከዚያም የመፈለጊያ ፕሮግራም ጫነችላት። መፈለጊያው ሥዕል የለውም፤ የሚጫኑት ምልክት የለውም። ጥቁር መስኮትና አንዲት ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ ብቻ ነው። አንድ መስመር ይጽፉለታል፤ መልስ ይሰጣል።

ቢሮው ሁሉ ሳቀ። «ዱረቲ፣ ኮምፒውተሩን አበላሽተሽ ነው እንዴ የሰጠሻት?» አሉ።

አስካለ አልሳቀችም። «ይኼማ ታይፕራይተር ነው!» አለች። «መልስ የሚሰጥ ታይፕራይተር!»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ነገሩን ላስረዳ፤ በእውነት ድንቅ ነውና። ስልሳ አንድ ሺህ ደብዳቤ በደቂቃ አንድ እየተነበበ፣ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ፣ መቶ ሃያ ሰባት ቀን ይፈጃል። መፈለጊያው ግን ዓይን ጨፍነው ሳይገልጡ ይመልሳል። ምሥጢሩ ምንድን ነው? ስትጠይቁት ደብዳቤዎቹን አያነብም። ቀድሞ አንብቧቸዋል። አንድ ደብዳቤ በገባ ቁጥር ውስጡ ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ እየለቀመ በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ «ልምምድ» የሚለው ቃል በዚህ፣ በዚህና በዚያ ቁጥር ደብዳቤ ውስጥ አለ እያለ። ሲጠየቅ የሚያየው መዝገቡን ብቻ ነው። የድሮ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ገቢ መዝገቡን ገልጣ፣ መደርደሪያው ጋ ሳትሄድ «አለ» ወይም «የለም» እንደምትለው መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ጥበብ ምልክት ማሰር ይባላል። በወረቀት ዘመን አንድ ደብዳቤ የሚገባው በአንድ ፋይል ብቻ ነበር፤ ተማሪውንም መምህሩንም የሚመለከት ከሆነ ፎቶ ኮፒ ይደረግ ነበር። እዚህ ግን ደብዳቤው ካለበት ሳይነቃነቅ አንገቱ ላይ የፈለጉትን ያህል ክር ማሰር ይቻላል፤ አንዱ ክር «ተማሪ»፣ ሌላው «አስቸኳይ»፣ ሌላው «ቆሻሻ»። ደግሞም ይህ ሁሉ የሚሠራው ያለ ኢንተርኔት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በዚያ ሳምንት ነቀምት ውስጥ ስልክ እንጂ ኢንተርኔት አልነበረም።

ዱረቲ ወደ ጅማ ስትዛወር ለአስካለ የተወችላት ምክር አጭር ነበር። «ከመሰረዝሽ በፊት ቁጠሪ፤ የቆጠርሽውን ጻፊ፤ ከዚያ እደሪበት።» አስካለ አረንጓዴ ሽፋን ያለው ደብተር ገዛች። እስከ ዛሬ የጻፈችው ትእዛዝ ሁሉ በቀኑ እዚያ ሰፍሯል። በተፈጸመው ሥራ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ታደርግበታለች።

«እንደምን ዋሉ እትዬ። ደግሜ መጣሁ» አለች ዛህራ በሩ ላይ።

አስካለ አወቀቻት። ዓምና መጥታ ነበር። ስሟን ጽፋ ፈልጋ ስታጣ «አልደረሰንም የኔ ልጅ» ብላ ሸኝታታለች። ከዚያ በፊትም ጫንያለው የሚባል፣ ላቦራቶሪ ተምሮ ልምምዱን እዚያው ኪራሙ የሠራ ጎልማሳ ሁለት ጊዜ መጥቶ «አልተላከም» ተብሎ ተመልሷል። ጫንያለው አልተከራከረም። ቆቡን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ያ አወጣጡ አስካለን ሳይለቃት ቆይቷል።

«ዓምና ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«ነግረውኛል። ግን እትዬ፣ ወላሂ ተልኳል። ሲላክ ቆሜ አይቻለሁ።»

አስካለ ቀና አለች። ዓምና ዛህራ ይህን አልተናገረችም፤ አስካለም አልጠየቀቻትም።

«የት ቆመሽ?»

«ጆቴ ፎቶ ኮፒ ቤት። የጤና ጣቢያው ጋሽ አስማረ ወረቀቱን ይዘው መጡ። ጆቴ ፎቶ አነሳውና በኢሜይል ላከው። ከዚያ ስልክ ደውሎ "ደርሷል ብለዋል፤ ሂዱ" አለን።»

«ማን ጋ ነው የደወለው?»

ዛህራ አንገቷን ደፋች። «እርስዎ ጋ መሰለኝ።»

አስካለ ወንበሩን ሳበችላት።

በዚህ መሀል ሬጅስትራሩ አቶ ኦብሳ በበሩ ብቅ አለ። «አዴ አስካለ፣ አሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ለስብሰባ እወጣለሁ። የሚፈረም ካለ ከዚያ በፊት ያምጡልኝ።»

«ኦቦ ኦብሳ፣ የዚች ልጅ የልምምድ ውጤት በኢሜይል ተልኳል ትላለች።»

«ያሳዩኝ፤ እፈርማለሁ። ካላየሁ ግን አልፈርምም» አለ ኦብሳ። ክፋት አልነበረውም፤ ዛህራን እያየ ነው የተናገረው። «እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ነገ አንዱ መጥቶ "የእኔም ተልኳል" ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?»

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል። አስካለ እጇን ሰሌዳው ላይ አሳረፈች። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ እዚህ ፍሬ ነገራቸውን በአማርኛ አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ «ፈልግ፤ ዛህራ» ብላ ጻፈች፤ ስሟ ሊጻፍ በሚችልበት መንገድ ሁሉ። ዘጠኝ ደብዳቤ መጣ። የመግቢያ ቅጽ፣ የክፍል ምደባ፣ ያለፉት ዓመታት ውጤት። ዓምና የታዩት እነዚሁ ናቸው።

ቀጥላ «ፈልግ፤ ኪራሙ፣ አባሪ ያለው» አለች። አባሪ ማለት ከደብዳቤው ጋር ታዝሎ የሚመጣው ሰነድ ወይም ፎቶ ነው። ሠላሳ አራት ደብዳቤ መጣ። አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። የጉብኝት ሪፖርት፣ የስልጠና ጥሪ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ። ዛህራ ከኋላዋ ቆማ አንዱ በተዘጋ ቁጥር ትንፋሿን ስታወጣ ይሰማል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ሦስተኛው ጥያቄ «ፈልግ፤ ከጆቴ የተላከ» የሚል ነበር። አድራሻው በአረንጓዴው ደብተር ጀርባ ላይ አለ።

መልሱ ዜሮ ነበር።

«የለም ማለት ነው?» አለች ዛህራ።

«ቆይ።»

አስካለ ከወረቀት ዘመን ይዛው የመጣችው አንድ ልማድ አላት። መልሱ ጥቂት ሲሆን ጥያቄዋን ትጠራጠራለች። መልሱ ዜሮ ሲሆን ግን የምትጠራጠረው ሌላ ነገር ነው። ጆቴ አንድ ጊዜ ብቻ ቢጽፍ ኖሮ ያች አንዷ ጠፋች ይባላል። ጆቴ ግን ለዓመታት ከኪራሙ የመጣን ተማሪ ሁሉ ወረቀት ሲልክ የኖረ ሰው ነው። እዚያ ከተማ ብዙው ሰው የራሱ ኢሜይል አልነበረውም፤ ሁሉም በጆቴ አድራሻ ይልካል፤ መልሱንም ጆቴ ሱቅ ሄዶ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሰው አንድም ደብዳቤ አልጻፈም ከተባለ፣ ደብዳቤዎቹን የሸፈነ እጅ አለ።

ስልኩን አነሳች። ጆቴ አሁን ጊምቢ ነው፤ ከኪራሙ ሲወጣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን በሲኖትራክ ጭኖ ነው የሄደው።

«ጆቴ! አካም ጅርታ? አስካለ ነኝ።»

«ፈያ! አዴ አስካለ! በሕይወት አለሽ? ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው። ጆቴ፣ ሰላምታውን ዛሬ ማርልኝ፣ ቸኩያለሁ። የኢሜይል አድራሻህን ቀይረሃል?»

«ሱቅ ቀየርኩ፣ ከተማ ቀየርኩ። አድራሻዬ ያው ነው።»

«አንድም ደብዳቤህ እኔ ጋ የለም።»

«ምን? አንድም?» ጆቴ ጮኸ። «የኪራሙን ሕዝብ ወረቀት በሙሉ በእኔ ስም የላክሁት እኔ አይደለሁም እንዴ! ሙሽራና በሬ ብቻ ነው በኢሜይል ያልላክሁት። አሁን ከሳጥኔ እንዳላወጣልሽ እዚህም ኢንተርኔት የለም።»

«ርዕሱ ላይ ምን ብለህ ነበር የምትጽፈው?»

«የምን ርዕስ?»

«ደብዳቤው ላይ፣ ከላይ።»

«ምንም። ምን ብዬ ልጻፍ? ነገሩ ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ። ደግሞ ደውዬ ነግሬሻለሁ። ሰው በስልክ የነገሩትን መልሰው ይጽፉለታል እንዴ? እንደ መናቅ ነው እኮ!»

አስካለ አመሰገነችውና ስልኩን አስቀመጠች። ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«ምን ሆኑ እትዬ?»

አስካለ የአረንጓዴውን ደብተር ገጽ ወደ ኋላ ትገልጥ ነበር።

የሆነው ይህ ነው። በእኛ አገር ኢሜይል ጆንያ ነው። ዕቃው ይጫንበታል እንጂ ሰላምታውና ጉዳዩ የሚሄደው በስልክ ነው። ስለዚህ የጆቴ ደብዳቤዎች ርዕስ የላቸውም፣ «ጤና ይስጥልኝ» የላቸውም፣ ፊርማ የላቸውም፤ ዝም ያለ አንድ ፎቶ ብቻ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ የኮሌጁ ሳጥን ከየትም በሚመጣ የማስታወቂያ ደብዳቤ ተጥለቅልቆ ነበር። አስካለ አጥንታ አጥንታ አንድ ነገር አስተዋለች፤ ብዙዎቹ ርዕስም ጽሑፍም የላቸውም። በአንዲት መስመር ደንብ ጻፈች፤ «ርዕስ የሌለውና ጽሑፍ የሌለው ሁሉ የቆሻሻ ምልክት ይታሰርበት»። አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ምልክት ታሰረበት። ያን ቀን በደስታ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ አሳይታለች።

መፈለጊያው ደግሞ አንድ ጠባይ አለው። ቆሻሻ የተባለውን ነገር በስሙ ካልጠሩት በቀር በፍለጋ አያቀርብም፤ ሰውን ላለማሰልቸት ነው። ደብዳቤው አልጠፋም፤ ያለበት ቦታ አለ። ግን ቢጠሩት አይወጣም። ዛህራን «አልደረሰንም» ያለቻት፣ ጫንያለውን «አልተላከም» ያለችው አስካለ፣ ደብዳቤዎቻቸውን በገዛ እጇ ሸፍናቸው ነበር።

ጣቷ ደብተሩ ላይ ቆመ። «የቆሻሻ ብዛት 4,212። ቦታ ስለጠበበ እንዲሰረዝ ለማስወገጃ ኮሚቴ ቀርቧል።» ከጎኑ ቀይ ምልክት አልነበረም። ነገር ግን መሰረዙ የእሷ ሥራ አልነበረም፤ ኮሚቴው ከፈረመ አዲሱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው የሚሰርዘው።

ወደ ኦብሳ ቢሮ እየሮጠች ሄደች። «ኦቦ ኦብሳ፣ የቆሻሻ ደብዳቤዎቹ ማስወገጃ፣ ኮሚቴው ፈርሞ ነበር?»

ኦብሳ ከወረቀቱ ላይ ቀና አለ። «እኔ እንኳ ፈርሜያለሁ። ሰኔ ላይ ነው። ምነው?»

አስካለ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ኦብሳም ነገሩ ስላሳሰበው ተከተላት። ዛህራ ተነሥታ ቆማለች፤ ማንም ምንም ባይነግራትም ከሁለቱ ፊት አንብባዋለች።

አስካለ ተቀመጠች። «ቁጠር፤ ቆሻሻ» ብላ ጻፈች። ማስገቢያውን ከመጫኗ በፊት እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ጫነችው።

4,212።

ደብተሩን አየች። 4,212። አንድም አልተሰረዘም።

«አለ?» አለች ዛህራ።

«ገና ነው። ግን አልተቃጠለም።» አስካለ ይህን ስትል ከአፏ በወጣው ቃል ደነገጠች፤ ኪራሙን ጥላ ለወጣች ልጅ የሚነገር ቃል አልነበረም። ዛህራ ግን እንዳልሰማች ሆነች።

«ፈልግ፤ ቆሻሻ፣ ከጆቴ የተላከ።» መቶ ሰማንያ ሰባት።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ሌላ ችግር ተደቀነ። ፎቶ ቃል የለውም። መፈለጊያው የሚለቅመው ቃል ነው፤ ፎቶው ውስጥ «ዛህራ» ተብሎ ቢጻፍም አያየውም። ስለዚህ በዓይን መታየት አለበት። ማሽኑ አርጅቷል፤ አንዱን ፎቶ ለመክፈት ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። መቶ ሰማንያ ሰባቱን ለማየት አንድ ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል። ያላቸው ሃያ አምስት ደቂቃ ነው።

«ዛህራ፣ ቀኑን ንገሪኝ።»

«ጥር ነበር።»

«ጥር ሠላሳ ቀን ነው። አስታውሺ። ምን ነበር በዚያ ሰሞን?»

ዛህራ ዓይኗን ጨፈነች። «ጋሽ አስማረ ለጥምቀት ቤታቸው ሄደው ነበር። እሳቸውን ስጠብቅ ነው የቆየሁት። ሲመለሱ በነጋታው ፈረሙልኝ። ሐሙስ ነበር፤ በማግስቱ ለጁምዓ አባቴ ጋ ወርጄ "ተላከ" ብዬዋለሁ።»

«ሐሙስ» አለች አስካለ። ጥምቀት ጥር አሥራ አንድ ነው። በ2013 ማክሰኞ ውሏል። ሐሙስ እንግዲህ ጥር አሥራ ሦስት። መፈለጊያው ግን የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ደብተሯ ላይ በእጇ ያሰመረችው የማመሳከሪያ ሠንጠረዥ አለ። ጣቷን በመስመሩ አስኬደች፤ ጃንዋሪ 21 ቀን 2021። የሰው ትዝታ በአንድ ቀን ሊስት ስለሚችል ከፊቱም ከኋላውም አንዳንድ ቀን ጨመረች።

አምስት ደብዳቤ።

የመጀመሪያው የማታውቀው ተማሪ የልደት ካርድ ነው። ሁለተኛው በጎኑ የተኛ የመታወቂያ ፎቶ። ሦስተኛው ጠቆር ብሎ የማይነበብ ነገር። ኦብሳ ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ሁለት።

አራተኛው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ተከፈተ። የኮሌጁ ዓርማ። «የተግባር ልምምድ መመዘኛ።» ስም፣ ዛህራ ሙሐመድኑር። ከዚያ የአራቱ ወር ውጤት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ መስመር በመስመር።

ዛህራ አፏን በእጇ ያዘች።

ኦብሳ ጎንበስ ብሎ አነበበ። እስከ ግርጌው ድረስ አነበበ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ማኅተሙስ?» አለ።

ገጹ ላይ ማኅተም አልነበረም።

«ከጀርባው ነው!» አለች ዛህራ። «ወላሂ ከጀርባው ነው፤ ፊት ለፊቱ ቦታ የለውም ብለው ገልብጠው ነው የመቱት!»

«የኔ እህት፣ ጀርባው…»

«አምስተኛው አለ» አለች አስካለ። ጆቴ አንድ ገጽ አንድ ደብዳቤ እያደረገ ነበር የሚልከው።

አምስተኛውን ከፈተች። ነጭ ሆነ። ከላይ ሩቡ ነጭ፣ እስከ መሀሉ ነጭ። ሦስቱም ስክሪኑ ላይ ተደፍተዋል። ከዚያ አንድ ወይን ጠጅ ቅስት ብቅ አለ። ቅስቱ እየሰፋ ክብ ሆነ። ከሥሩ የአስማረ ፊርማ፣ ከፊርማው አጠገብ በዚያው ሰማያዊ እስክሪብቶ የዛህራ የተማሪ ቁጥር።

ኦብሳ ቁጥሩን ከፊተኛው ገጽ ጋር አስተያየው። ደግሞ አስተያየው። «ጻፉት» አለ።

እዚህ ላይ የታይፕራይተሩ አሥራ አራት ዓመት ጠቀመ። አስካለ የማረጋገጫ ደብዳቤውን የጻፈችው ሰሌዳውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታይ፣ ዓይኗ ከግድግዳው ሰዓት ላይ ሳይነሳ ነው። ኦብሳ ለአሥር ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ፈረመ፤ ማኅተሙን ራሱ መታው። ዛህራ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ ጡቷ ሥር ከተተችው።

«አመሰግናለሁ» ልትል ጀመረች።

«አሁን አይደለም፤ ሩጪ!» አለች አስካለ።

በመስኮቱ ባጃጅ ስታስቆም አዩዋት።

ኦብሳ ለስብሰባው ዘግይቶም ቢሆን ወዲያው አልወጣም። መሳቢያውን ከፍቶ የማስወገጃውን ቅጽ ይዞ መጣ። ሦስት መስመር አለው። ሁለቱ ላይ ፊርማ አለ። ሦስተኛው ባዶ ነው፤ አባሏ ለትምህርት ስለሄደች ሳይፈረም ቀርቷል፤ ደብዳቤዎቹም ሳይሰረዙ የቀሩት በዚህ ነው።

«ሰኔ ላይ ምን እንዳልኩዎት ያስታውሳሉ?» አለ።

«"ከኮምፒውተር ለመሰረዝ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አያስፈልግም፤ ይህ የወረቀት ዘመን ሕግ ነው" ብለዋል።»

«ብያለሁ» አለ ኦብሳ። ቅጹን ለሁለት ቀደደው። «እንዳልሰሙኝ ይቁጠሩት፣ አዴ አስካለ።»

እሱ ሲወጣ አስካለ ሥራዋን አላቆመችም። መጀመሪያ ደንቡን አረመች፤ «ርዕስ የሌለው፣ ጽሑፍ የሌለው፣ አባሪም የሌለው» ሆነ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የጎደለችው። ቀጥላ ከመቶ ሰማንያ ሰባቱ የጆቴ ደብዳቤዎች አንገት ላይ የቆሻሻውን ክር ፈታችና በምትኩ «ኪራሙ» የሚል አሰረችላቸው። በአንድ መስመር ነው የሚሠራው። ቆጠረች፤ 187። ጻፈችው። ከዚያ አንድ በአንድ እየከፈተች ስም መመዝገብ ጀመረች።

አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ! ተመዘገብኩ! መጨረሻዋ እኔ ነኝ፤ ከእኔ በኋላ መዝገቡን ዘጉት። ፈተናው ሰኞ ነው።» ከኋላዋ የሚኒባስ ረዳት «ነቀምት! ነቀምት!» እያለ ይጣራል።

«ጎበዝ። አሁን ቤትሽ ገብተሽ አጥኚ።»

ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ሠላሳ ስምንተኛው ፎቶ ላይ ቆመች። የላቦራቶሪ ልምምድ፣ አራት ወር። ስም፣ ጫንያለው። ጀርባው ሠላሳ ዘጠነኛው ላይ አለ፤ ማኅተሙም አለ።

ስልክ ቁጥሩ ከማመልከቻው ላይ ተገኘ። ስትደውል በወዲያ በኩል የወፍጮ ድምፅ ሰማች።

«ጫንያለው? አስካለ ነኝ፣ ከመዝገብ ቤት።»

«አቤት» አለ። ወፍጮው ይጮኻል።

«ወረቀትህ ተገኘ።»

«አልተላከም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ተልኳል። በጊዜው ደርሷል። የሸሸግሁት እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው፤ ግን እኔ ነኝ።»

የወፍጮው ድምፅ ራቀ፤ ወደ ውጭ ወጥቷል ማለት ነው። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «መቼ ልምጣ?»

«ነገ።»

«ነገ የሚተካኝ ሰው የለም። ቅዳሜ ነው የምችለው።»

ቅዳሜ ቢሮው ዝግ ነው። አስካለ ይህን አልነገረችውም። «ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ና» አለችው። «በሩ ላይ ታገኘኛለህ።»

አረንጓዴውን ደብተር ስባ ጻፈች። «ቅዳሜ፣ 2 ሰዓት። ጫንያለው።» ቀዩን እስክሪብቶ አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ቀዩ ምልክት የሚደረገው ጫንያለው ሲመጣ ነው። አርባኛውን ፎቶ ከፈተች።